ስለ ወደ ፊት ጎዳና፤ ነዳጅን የሚቆጥብና ኤሌክትሪክን የሚሰጥ መንገድ እንዴት ያለ እንደ ሆነ

ከወደብ የሚመጣው ማዳበሪያና ብረት፥ ከገበሬው ጎተራ ወደ ከተማ የሚወርደው ጤፍና ስንዴ፥ ሁሉም በመንገድ ይሄዳል። ዕቃውን የሚያመላልሰው የጭነት መኪና የሚጠጣው ናፍጣ ከባሕር ማዶ በውጭ ገንዘብ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ያለቀው ነዳጅ ዋጋ በኩንታሉ ላይ ተጨምሮ ይከፈላል፤ ከፋዩም የከተማ ሰው ብቻ አይደለም፥ ሞፈርና ቀንበር ይዞ በመንደሩ የሚኖረውም ገበሬ ነው።

ባለፉት ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ መሐንዲሶች መንገድ ነዳጅን እንዲቆጥብ ብቻ ሳይሆን ራሱ የኤሌክትሪክ ምንጭ እንዲሆን ሞክረዋል። አንዳንዱ ሙከራ ቀናቸው፥ አንዳንዱ ወደቀባቸው። ወሬውን የሰሙ ተማሪዎች መምህሩን ሲጠይቁ፥ ሽማግሌዎችም ስለ አገራቸው መንገድ ሲመክሩ፥ የቀናውን ከወደቀው፥ የሚጠቅመውን ከሚያብለጨልጨው ለይተው እንዲያውቁ ይህ ትምህርት ተዘጋጅቷል። የውጭ አገር ነገር በፈረንጆች አቆጣጠር፥ የአገራችን ነገር በአገራችን አቆጣጠር ተጽፏል።

ክፍል 1። ነዳጅ በመንገድ ላይ ስለ ምን ያልቃል

የናፍጣ ሞተር ነዳጁን አቃጥሎ ከሚያገኘው ሙቀት መኪናውን ለማስኬድ የሚያውለው ከሦስት አንድ እጅ ያህሉን ነው፤ የቀረው በጭስ መውጫውና በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል ይጠፋል። ይህች የተረፈችው አንዲት እጅ ደግሞ አራት የሚካፈሏት አሉ።

1ኛው የመንኰራኵር መጐተት ነው። ጎማ በመሬት ላይ ሲንከባለል በየጊዜው ይጨፈለቃል፤ መሬቱም ይረገጣል። 10 ቶን፥ ይኸውም 100 ኩንታል የሚመዝን መኪና በጥሩ አስፋልት ላይ ለመሳብ 100 ኪሎ ያህል ጉልበት ይበቃል። በልል ጠጠር ላይ ግን 200 ኪሎ ያህል ይፈልጋል፤ በጭቃና በአሸዋ ላይም ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ያው ክብደት በብረት ሐዲድ ላይ በብረት መንኰራኵር ቢሆን ግን 20 ኪሎ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። ባቡር ብዙ ጭኖ ጥቂት የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው።

2ኛው ዳገት ነው። መንገዱ 100 ሜትር ሲሄድ 1 ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፥ ባለ 10 ቶኑ መኪና በአስፋልት ላይ ከሚያስፈልገው ጉልበት ሌላ 100 ኪሎ ይጨመርበታል፤ ዳገቱ ለዓይን ሳይታወቅ ድካሙ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በ100 ሜትር 5 ሜትር ከፍ ቢል 500 ኪሎ ይጨመራል። ይህንኑ መኪና ወደ ላይ 1,000 ሜትር ለማውጣት፥ የመንኰራኵሩን መጐተትና የነፋሱን ሳይቈጥሩ፥ ለክብደቱ ብቻ 8 ሊትር ያህል ናፍጣ ያልቃል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቍልቍለት ወርዶ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ዳገት ይወጣል። የሸለቆው ዳገት በጭነቱ ዋጋ ላይ ስለ ምን እንደሚከብድ ከዚህ ይታወቃል።

3ኛው ነፋስ ነው። መኪና ፍጥነቱን እጥፍ ቢያደርግ የሚገፋው ነፋስ አራት እጥፍ ይሆናል። አሜሪካኖች በ1973 ዓ.ም. የዐረብ አገሮች ነዳጅ በከለከሏቸው ጊዜ፥ በ1974 መኪና በሰዓት ከ55 ማይል፥ ይኸውም ከ89 ኪሎ ሜትር ያህል በላይ እንዳይሮጥ በሕግ ወስነው እስከ 1995 ድረስ ያቆዩት ስለዚህ ነው። አንድ መንገድ ሳይሠራ፥ አንድ ድንጋይ ሳይነሣ፥ በመታገሥ ብቻ የሚገኝ ቁጠባ ነው።

4ኛው ፍሬን ነው። ነዳጅ አቃጥሎ ፍጥነት ያገኘ መኪና ጕድጓድ ወይም ከብት አጋጥሞት ፍሬን ሲይዝ፥ ያ ሁሉ ኀይል በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ እንደ ገና ለመነሣትም ሌላ ነዳጅ ያቃጥላል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪናና ባቡር ግን በዚህ ይለያሉ፤ ቍልቍለት ሲወርዱ ሞተራቸው ራሱ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሆኖ ከኀይሉ አንዱን ክፍል መልሶ ይሰበስባል።

እንግዲህ ነዳጅን የሚቆጥብ መንገድ ማለት አስቀድሞ ለስላሳ፥ ዳገቱ የተለዘበ፥ ውሃ የማይተኛበትና ያለ ምክንያት የማያስቆም መንገድ ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን መካዳም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያስተማረው ይህን የሚመስል ነበር፤ ትንንሽ የተሰበረ ድንጋይ ተነጥፎ በደንብ ከተጠቀጠቀና ከሥሩ ያለው አፈር ከውሃ ከተጠበቀ መንገዱ ከባድ ሰረገላ ይሸከማል ብሎ በሥራ አሳየ። የወደ ፊቱም ጎዳና ቢሆን በዚህ መሠረት ላይ ካልቆመ አይጸናም።

ክፍል 2። በፈረንሳይ አገር ስለ ተሠራው የፀሐይ መንገድ

በገጠር ሰው ሶላር እያለ የሚጠራው ሰሌዳ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ነው። ፀሐይ በቀትር ጊዜ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ኀይል ታፈስሳለች፤ በዘመናችን ያለ ጥሩ ሰሌዳም ከዚህ አምስተኛውን ያህል ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። የምድር ጎዳናዎች ሁሉ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተዘርግተው ስለሚውሉ፥ ሰሌዳው በመንገዱ ፊት ላይ ቢነጠፍ ምን ያህል ኤሌክትሪክ በተገኘ ነበር ብለው ያሰቡ ሰዎች አሳባቸው የሚናቅ አልነበረም።

ይህ አሳብ በፈረንሳይ አገር፥ በኖርማንዲ ውስጥ ቱሩቭር በምትባል ስፍራ በሥራ ተፈተነ። በ2016 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ሴጎሌን ሮያል አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን መንገድ መርቀው ከፈቱ። በላዩ 2,800 ካሬ ሜትር ሰሌዳ ተነጥፎበት፥ መኪና እንዳይሰብረው ወፍራም ሙጫ ተቀብቶበት ነበር። ወጪው 5 ሚሊዮን ዩሮ ሆነ። 5,000ሰው ለሚኖርባት ከተማ የመንገድ መብራት ይበቃል ተብሎ ታስቦ፥ በየቀኑም 767 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል ተብሎ ተጠብቆ ነበር።

የተገኘው ግን እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በየቀኑ 409 ያህል ተገኘ፤ ይኸውም ከተጠበቀው ግማሹን ጥቂት የሚያልፍ ነው። በ2018 የዓመቱ ጠቅላላ ድምር 80,000 ኪሎ ዋት ሰዓት አልሞላም። በ2019 እስከ ሐምሌ ወር መጨረሻ የተገኘውም ከ40,000 በታች ነበር። ከመንገዱም 100 ሜትር ያህሉ ሊጠገን የማይችል ሆኖ በ2018 ተነሣ፤ የቀረውም በ2024 ፈርሶ ሙከራው ተፈጸመ።

የወደቀበት ምክንያት አራት ነው፤ መምህሩም እነዚህን ለተማሪዎች በሚገባ ይግለጽ።

1ኛ፤ ሰሌዳው ተጋድሞ ነበር። በሰሜን አገር ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ብርሃኗን በደንብ የሚቀበለው ወደ ደቡብ ዘመም ብሎ የቆመ ሰሌዳ ነው፤ መንገድ ግን ሊዘም አይችልም።

2ኛ፤ ፊቱ ይሸፈን ነበር። በመኸር የረገፈው የዛፍ ቅጠል፥ የመኪናው ጥላና ከጎማ የሚወርደው ጭቃ ብርሃኑን ከለከሉት።

3ኛ፤ ሸክሙ ከበደው። የገበሬዎች ትራክተር ሲመላለስበት ሙጫው ተሰነጣጠቀ፥ ሰሌዳውም ከስፍራው ተነቀለ።

4ኛ፤ ለመንገድነትም አልተመቸም። ጎማ ሲያልፍበት የሚሰማው ጩኸት ለአካባቢው ሰው አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ መኪና በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድበት ተወሰነ።

ቍጥሩ ሲመረመር ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። 5 ሚሊዮን ዩሮ ለ2,800 ቢካፈል አንዱ ካሬ ሜትር 1,786 ዩሮ ያህል ወጥቶበታል፤ በ2018 ግን አንዱ ካሬ ሜትር በዓመት የሰጠው ከ29 ኪሎ ዋት ሰዓት ያነሰ ነው። በዚያው አገር በቤት ጣራ ላይ ዘመም ብሎ የተተከለ ጥሩ ሰሌዳ በዓመት ከ150 በላይ ሊሰጥ ይችላል። የፀሐይ ብርሃን አንድ፥ አገሩ አንድ ሆኖ ሳለ ፍሬው እንዲህ የተራራቀው ሰሌዳው ያለ ስፍራው ስለ ተቀመጠ ነው።

ክፍል 3። ሰሌዳው በመንገዱ ዳርና በመንገዱ ላይ ሲቆም

ከቱሩቭር ውድቀት የተነሣ መንገድና የፀሐይ ሰሌዳ አይስማሙም ማለት አይገባም። በስዊስ አገር፥ ኩር በምትባለው ከተማ አጠገብ ባለው ጎዳና፥ የመኪና ጩኸት ወደ ቤቶች እንዳይደርስ በሚከለክለው አጥር ላይ በ1989 ዓ.ም. የፀሐይ ሰሌዳ ተተከለ፤ ኀይሉም 100 ኪሎ ዋት ነበር። ይህ በዓለም የመጀመሪያው ነው። አጥሩ ቀድሞም ለሌላ ሥራ ያስፈልግ ስለ ነበር ሰሌዳው አዲስ መሬት አልወሰደም፤ መንኰራኵርም አልረገጠውም።

በኮርያ ሪፑብሊክ ደግሞ ከዴጆን ወደ ሴጆን በሚወስደው ትልቅ ጎዳና መካከል ለብስክሌት የተለየ መንገድ አለ፤ በከፊሉም ላይ ሰሌዳው እንደ ዳስ ጣራ ተዘርግቶበታል። ብስክሌተኛው በጥላው ሥር ይሄዳል፥ ጣራው ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ከሁለቱም አገሮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ መንገድ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ከተፈለገ ሰሌዳው ከጎማ በላይ ወይም ከጎማ ዳር ይሁን እንጂ ከጎማ በታች አይሁን።

በዚህ ስፍራ ስለ ሌላ አሳብ መናገር ይገባል። መኪና ሲያልፍበት ዝቅ እያለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ነገር በመንገድ ውስጥ ቢቀበር በነጻ ኀይል ይገኛል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው ኀይሉ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። መሬቱ ከጎማው በታች ዝቅ ካለ መኪናው ከዚያች ትንሽ ጕድጓድ መውጣት አለበት፤ ለመውጣትም ነዳጅ ይጨምራል። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ የተገኘው ከባለ መኪናው ነዳጅ ተቀንሶ ነው እንጂ በነጻ አይደለም። ጥፋት የማይሆነው መኪናው ያለዚያም ፍሬን መያዝ በሚገባው ስፍራ ብቻ ነው። ከምንም ኀይል አይገኝም፤ ይህ ተማሪዎች ከቶ ሊረሱት የማይገባ ሕግ ነው።

ክፍል 4። ለተሽከርካሪ ኤሌክትሪክ ስለሚያቀብል መንገድ

ሁለተኛው ዓይነት የወደ ፊት ጎዳና ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሳይሆን በሌላ ስፍራ የመነጨውን ለሚሄደው መኪና የሚያቀብል ነው። አሳቡ አዲስ ይመስላል እንጂ አሮጌ ነው። ጀርመናዊው ቬርነር ፎን ሲመንስ በ1882 ዓ.ም. በበርሊን አጠገብ በሐለንዜ 540 ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ፥ በላዩ ከተዘረጋ ሽቦ ኤሌክትሪክ እየተቀበለ ያለ ሐዲድ የሚሄድ ሰረገላ አስኪዶ አሳይቷል።

ከ134 ዓመት በኋላ፥ በ2016፥ በስዊድን አገር በዬቭሌ አውራጃ 2 ኪሎ ሜትር መንገድ በሽቦ ተዘጋጅቶ የጭነት መኪናዎች በጣራቸው ላይ ባለ የሚዘረጋና የሚታጠፍ የብረት ክንድ ሽቦውን እየነኩ ሄዱበት። በ2018 ደግሞ በስቶክሆልም አጠገብ፥ በአርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ፥ በመንገዱ ፊት ውስጥ የተቀበረ የብረት መስመር ለመኪናው ኤሌክትሪክ ሰጠ፤ አደጋ እንዳይደርስም ኤሌክትሪኩ የሚለቀቀው መኪናው ባለበት ቁራጭ ላይ ብቻ ነበር። ጀርመኖችም በ2019 ከፍራንክፈርት ወደ ዳርምሽታት በሚወስደው ጎዳና ላይ የሽቦ መንገድ ከፍተው ሞከሩ።

እነዚህ ሙከራዎች በሥራቸው ቀንቷቸዋል፤ መኪናዎቹ በተባለው መሠረት ሄደዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከተቀበለው ኀይል ከመቶ 90 እጅ ያህሉን ወደ መሄድ ስለሚለውጥ ከነዳጅ ሞተር እጅግ ይበልጣል። ያስቸገረው ዋጋው ነው። ስዊድን ቋሚ የኤሌክትሪክ ጎዳና ለመሥራት አውጥታው የነበረውን ጨረታ፥ የቀረበው ዋጋ ከተመደበው ገንዘብ ስለ በለጠ በ2023 አቋረጠችው፤ የጀርመኑም ሙከራ በ2024 ተፈጽሟል። ሽቦ መዘርጋት የሚጠቅመው ብዙ ከባድ መኪና ሌሊትና ቀን በሚመላለስበት መስመር ላይ ነው፤ ጥቂት መኪና በሚያልፍበት መንገድ ግን ሽቦው ከቁጠባው ይልቅ ወጪ ይሆናል።

ክፍል 5። ስለ አገራችን

ኢትዮጵያ ነዳጅን ከውጭ ትገዛለች፤ ኤሌክትሪክን ግን ከገዛ ወንዞቿ ታገኛለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሄደ እያንዳንዱ ጭነት ለአገራችን የውጭ ገንዘብ መቆጠብ ነው። መንግሥትም በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መከልከሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

በሽቦ የሚሄድ ጎዳናም በአገራችን የለም ማለት አይቻልም። በ2009 ዓ.ም. በመስከረም ወር የተመረቀው፥ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄደው ባቡር በላዩ ከተዘረጋው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበል ነው። ስዊድንና ጀርመን በጎማ የሞከሩትን እርሱ በብረት መንኰራኵር ይሠራዋል፤ በክፍል 1 እንደ ተባለውም የሐዲድ መጐተት ከአስፋልት እጅግ ያነሰ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ደግሞ በአጥር ተከልሎ ከብትና እግረኛ የማያቋርጠው ስለ ሆነ መኪናን በየጊዜው ከመቆምና ከመነሣት ያድናል፤ ነገር ግን ሾፌሩ እጅግ ቢያፈጥን በዚህ ያተረፈውን በነፋስ ይከስረዋል።

ስለ ፀሐይ ሰሌዳ ደግሞ በአገራችን አንድ ልዩነት አለ። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ከራሳችን በላይ ቀጥ ብላ ስለምታልፍ የተጋደመ ሰሌዳ በእኛ አገር የሚያጣው ብርሃን በኖርማንዲ ካለው ያነሰ ነው። ቢሆንም አቧራው፥ የጎርፍ ደለሉና የጭነቱ ክብደት አይቀሩም። ስለዚህ ሰሌዳ የሚተከለው በትምህርት ቤት፥ በጤና ጣቢያና በወፍጮ ቤት ጣራ ላይ፥ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ጥቂት ወደ ደቡብ ዘመም ተደርጎ ነው። ገና ኤሌክትሪክ ያልደረሰው መንደር ባለበት አገር፥ ለጣራ የሚበቃውን ሰሌዳ ከጎማ በታች መቅበር ብልኀት አይደለም።

ክፍል 6። መምህሩ ለተማሪዎች የሚያሳያቸው ፈተናዎች

1ኛ ፈተና፤ መንኰራኵር ያላት ትንሽ ጋሪ ከእንጨት ትሠራና ድንጋይ ትጫን። በፊቷ ገመድ ታስሮ ገመዱ በገበታው ጠርዝ ላይ አልፎ ወደ ታች ይውረድ፤ በጫፉም ባዶ ጣሳ ይንጠልጠል። ጋሪዋ እስክትነቃነቅ ድረስ ተማሪዎቹ ጠጠር እየቈጠሩ በጣሳው ውስጥ ይጨምሩ። አስቀድሞ በለስላሳ ሳንቃ ላይ፥ ቀጥሎ በሳንቃው ላይ አሸዋ ተነስንሶ፥ ከዚያም ሳንቃው ከአንድ ወገን ከፍ ተደርጎ ይፈተን። የጠጠሩ ቍጥር በየጊዜው በጥቍር ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

2ኛ ፈተና፤ ክፍሉ ከጨለመ በኋላ የእጅ ባትሪ በወረቀት ላይ ቀጥ ተደርጎ ይብራ፤ የብርሃኑም ክብ በእርሳስ ይከበብ። ባትሪው በዚያው ርቀት ዘመም ሲል ብርሃኑ ሰፍቶ ይደክማል። ያው ብርሃን በሰፊ ቦታ ስለ ተበተነ ለእያንዳንዱ ቦታ የሚደርሰው ማነሱን፥ የቱሩቭርም ሰሌዳ በዚህ መጐዳቱን መምህሩ ያስረዳ።

ክፍል 7። ለአገር ሽማግሌዎች የቀረበ ምክር

ነዳጅን የሚቆጥበው የመጀመሪያው ሥራ በመንደሩ ሰው እጅ ነው። የመንገድ ጠላት ውሃ ነው። የመንገዱ ዳር ቦይ በደለል ሲደፈን ውሃው በመንገዱ ላይ ይተኛል፥ አፈሩን ያለሰልሳል፥ ጎማ ሲያልፍበትም ጕድጓድ ይሆናል፤ አንዱ ጕድጓድ በዓመቱ ኮረኮንች ይሆናል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ በሰኔ መጀመሪያ ቦዩና የውሃ ማሳለፊያው ቱቦ ይጠረግ። ማሳውን ለማስፋት ቦዩን የሚደፍን ሰው ቢኖር ሽማግሌዎች ይምከሩት፤ ጥቂት ክንድ መሬት ሲያተርፍ መንገዱ ቢቆረጥ የእርሱም እህል ከገበያ ይቀራል፥ የታመመው ጎረቤቱም ከሐኪም ሳይደርስ ይቀራል።

አዲስ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥም ደግሞ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። ኀይሉ ከየት ይመጣል? በዓመት ስንት ይሰጣል፥ ስንትስ ያስወጣል? በጭነትና በጎርፍ ሥር ስንት ዓመት ይቆያል? የፈረንሳይ ሰዎች የቱሩቭርን መንገድ ለክተው ጕድለቱን ለዓለም ስለ ገለጡ ሙከራቸው ቢወድቅም ለሌላው ትምህርት ሆኗል። የሚያሳፍረው ሳይለኩ ማመንና ሳይለኩ መናቅ ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1ኛ፤ በቀን 767 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጠብቆ 409 ብቻ ቢገኝ፥ የተገኘው ከመቶ ስንት እጅ ነው?

2ኛ፤ 10 ቶን ወደ ላይ 1,000 ሜትር ለማውጣት 8 ሊትር ናፍጣ ካስፈለገ፥ 15 ቶን 500 ሜትር ለማውጣት ስንት ሊትር ያስፈልጋል?

3ኛ፤ በኮርያ ጎዳና ላይ ያለው ሰሌዳ በቱሩቭር ከነበረው በምን በምን ይሻላል?

4ኛ፤ ከመኪና በታች ዝቅ እያለ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው መሣሪያ ኀይሉን ከማን ይወስዳል?

5ኛ፤ ከትምህርት ቤቱ እስከ ገበያው ባለው መንገድ ላይ ውሃ የሚተኛበት ስፍራ ስንት ነው? ተማሪዎች በእግራቸው ሄደው ቈጥረው በወረቀት ያምጡ፤ መምህሩም ለመንደሩ ሽማግሌዎች ያስረክብ።